ጣሳው ይናገር ነበር

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ እናንተ ከጉልበታችሁ በፊት ትዕግሥታችሁ ያለቀባችሁ ወገኖቼ፣ እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ቆቦ ላይ ብረት ስቀጠቅጥና ስበይድ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን የራያን ሐሩር ችያለሁ፣ አቧራውን ችያለሁ፣ ጎሊና ሞልቶ መንገድ ሲቆርጥ ወዲያ ማዶ ቁጭ ብዬ ማደሩንም ችያለሁ። ያልቻልኩት ባለፈው መስከረም በገዛ ሱቄ፣ በገዛ እጄ በበየድኩት መደርደሪያ ላይ የተሰመረውን ቀይ መስመር ነው።

ያሰመረችው የልጅ ልጄ ናት። ኮምቦልቻ ተምራ፣ ተመርቃ፣ ቀለምና ብሩሽ ይዛ ከተፍ አለች። በሩን ልትቀባልኝ መስሎኝ መርቄያት ወደ ልቅሶ ቤት ሄድኩ። ማታ ስመለስ በየሣጥኑ ሆድ ላይ አንዳንድ ቀይ መስመር ተጋድሟል። “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” ብላት፣ “አባባ፣ ቤሪንጉ ወርዶ እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ ሪኦርደር እናደርጋለን” አለችኝ። እኔ በዚህ አገር ቀይ መስመር የሚያሰምረው መንግሥት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወደ ቤት ገብቷል።

ቃሉንስ ሰማችሁልኝ? ቤሪንግ! ሪኦርደር! ስቶክ! ምነው፣ የአባቶቻችን አማርኛ ምን ጎደለበት? እኛ ኩሽኔታውን ኩሽኔታ፣ ቡሎኑን ቡሎን፣ ዳዶውን ዳዶ፣ ሮንዴላውን ሮንዴላ እያልን በንጹሕ አማርኛ ያደግን ሰዎች ነን። የፈረንጅ ቃል ከአፋችን ሳይወጣ ቶርኖ አዙረናል፣ ሞርሳ አጥብቀናል፣ ባሌስትራ አቅንተናል። ሙያውን ያስተማረኝ ጌታዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጥልያን ጊዜ መንገድ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ነበር፤ አማርኛው እንደ ወለላ ነው። የዛሬውን ልጅ “ካቻቢቴ አቀብለኝ” ስትለው ዓይንህን ያይሃል። ቋንቋችን እንዲህ ሆኖ መጥፋቱ ነው።

ድሮ ዕቃ በጣሳ ነበር የሚቀመጠው፤ በኒዶ ጣሳ። አሥራ ሰባት ጣሳ ነበረኝ፣ አንዱም ላይ አልተጻፈም። ለምን ይጻፍበታል? ጣሳው ይናገር ነበር። አንሥተህ ነቅነቅ ስታደርገው የ8ቱ ቡሎን ቅጭል ቅጭል ይላል፤ የ12ቱ ጓ ጓ ይላል፤ ሮንዴላ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል፤ ኩሽኔታ ግን ዝም ዝም ይልና አንዴ ድም ይላል፣ እንደ ጨዋ ሰው። ደንበኛው ቁጭ ብሎ እኔ ጣሳ ስነቀንቅ ቡና ይቀርባል፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይከተላል፤ በረካው ላይ ቡሎኑ ይገኛል፣ ወይም አይገኝም። ባይገኝስ? ሰው ተጨዋውቷል፣ ተመራርቋል። ዛሬ ልጅቷ በየሣጥኑ ላይ ቁጥር ጽፋ ደንበኛው ገብቶ በሁለት ደቂቃ ይወጣል። እንዲህ ገብቶ የሚወጣው ሌባ ነበር።

ደግሞስ ድሮ ብረት ይሰበር ነበር እንዴ? ሊስተር የምትባል የእንግሊዝ ሞተር ነበረች። ጫማ የሚጠርገውን ሊስትሮ ማለቴ አይደለም፤ ወፍጮ የምታዞረዋን ነው። የጥንቷ ባለ 6 ፈረስ ጉልበት ሊስተር በደቂቃ 650 ዙር ብቻ ነበር የምትዞረው። ቱክ... ቱክ... ስትል፣ በአንዱና በሌላው ቱክ መካከል ሁለት ሰዎች ስለ ከብቱም ስለ ልጆቹም ጠያይቀው ይጨርሱ ነበር። የዛሬዎቹ ሞተሮች ከ2,000 ዙር በላይ ይበርራሉ፤ ቶሎ ዞረው ቶሎ ይሞታሉ። ሊስተር አትሰበርም። ስትሰበር ደግሞ በክብር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ እኛ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዕቃው እስኪመጣ ሦስት ወር። ደብዳቤ ይጻፋል፣ በሹፌር ይላካል፣ ሹፌሩ ኪሱ ውስጥ ይረሳዋል፣ ሌላ ይጻፋል። በዚያ ሦስት ወር አገር ያርፋል። ወፍጮ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሴቶቹ በየቤቱ የድንጋይ ወፍጮ ላይ ተደፍተው ሌሊቱን ሲፈጩ፣ አቤት ዜማው! ደስ ብሏቸው ነበር የሚፈጩት። ባለቤቴ ይህን ባነሣሁ ቁጥር ድስቱን ጓ አድርጋ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። የድሮው ትዝታ ሆዷን እያባባው ይመስለኛል።

ዕቃ ማኖር የሚያውቁት የድሮ ሰዎች ናቸው። እናቴን ውሰዱ። ጎታውን ስትሠራ ጭቃው ሳይደርቅ በጣቷ ከውስጥ በኩል አንድ መስመር ትጭራለች። ደጋሊቱና ጅጉርቲው ማሽላ ተወቅቶ ሲገባ ጎታው እስከ አፉ ይሞላል። ከዚያ ይበላል፣ ይጠመቃል፣ ለደስታም ለልቅሶም ይወጣል። መስመሩ ብቅ ያለ ዕለት ግን ጠላ መጥመቅ ይቀራል። ከመስመሩ በታች ያለው የዘርና የክረምት ነው። ያን ቀን አህያው ይጫናል፤ ጎርፉ መንገድ ሳይቆርጥ የክረምቱ ጨውና በርበሬ ከገበያ ይገባል። አባቴ በቁጣው አገር የሚፈራው ሰው ነበር፤ መስመሯን ግን አንድ ቀን አላለፈም። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት እንግዲህ! እንዲህ ያለ ጥበብ ዛሬ የት ይገኛል? ዛሬ ያለው ሣጥን ላይ ቀለም መለቅለቅ ብቻ ነው።

በ1965 ዝናቡ ሲቀር መስመሩም አለቀ፣ ከመስመሩ በታች ያለውም አለቀ። እናቴ ጎታው ውስጥ ገብታ ወለሉን በመጥረጊያ ስትጠርግ አይቻለሁ። ይህን ተዉት። ዘመኑ በጠቅላላው የጥጋብ ዘመን ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከቀለሙ አስቀድሞ ቆጠራ የሚሉት መዓት ነበር የመጣው። ሱቁ ሦስት ቀን ተዘጋ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ልቅሶ ካልሆነ፣ በዓል ካልሆነ፣ መብራት ካልጠፋ፣ ወይም እኔን ካልደከመኝ በቀር ተዘግቶ የማያውቅ ሱቅ! ልጅቷ ሁሉን ወለል ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ቆጠረችና “ከ400 በላይ ዓይነት ዕቃ አለዎት” አለችኝ። ሰው በገዛ ቤቱ ስንት ነገር እንዳለው ሲነገረው ዓይን አይበላውም?

ከዚያ በሦስት ከፈለችው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ። “ሀ” የሚባሉት ጥቂት ናቸው፤ ገንዘቡን የሚበሉትም የሚያመጡትም እነሱ ናቸው። ኩሽኔታ፣ የወፍጮ ቺንጋ፣ ኤሌክትሮድ፣ ላሜራ እዚህ ገቡ፤ በየሳምንቱ ይቆጠራሉ። “ለ” መካከለኛው ነው፤ በወር አንዴ ይታያል። “ሐ” ቡሎንና ሮንዴላን የመሰለው ብዙና ርካሽ ዕቃ ነው፤ በርከት አድርጎ መግዛትና አለመጨነቅ። “ይህን ነገር ቪልፍሬዶ ፓሬቶ የሚባል ጣልያናዊ ነው ያስጀመረው፤ ጥቂት ሰዎች አብዛኛውን መሬት መያዛቸውን አስተውሎ” አለችኝ። ይህን ለማስተዋል ጣልያን መሆን ያስፈልጋል? በ1967 መሬት ላራሹ የታወጀው ለምን መስሏታል?

አራተኛም ክምር ነበረ፣ ፊደል ያልተሰጠው። “አባባ፣ ይሄ የምን ዕቃ ነው?” “የኤንትሬ ፍሬን ከበሮ።” “ኤንትሬው የት አለ?” “ተሽጧል።” “መቼ?” “በደርግ ጊዜ።” “ታዲያ ከበሮው?” “መኪናው ተመልሶ ቢመጣስ?” ዝም አለች። አሸነፍኳት ብዬ ሳበቃ ከበሮውን ገልብጣ ዝገቱን በጣቷ ፋቅ አደረገችና “አባባ፣ ብርዎ እኮ ብረት ሆኖ እየዛገ ነው” አለችኝ። በእኛ ጊዜ ልጅ እንዲህ ያለ አማርኛ በአባቱ ላይ አይናገርም ነበር። ደግሞ ጥሩ አማርኛ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

መስመሩን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። 6205 ኩሽኔታ በወር አራት ይወጣል አለች። ከመርካቶ ታዝዞ፣ ተገኝቶ፣ ተጭኖ እስኪገባ ሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ በዚያ ሦስት ሳምንት ሦስት ይወጣል። በዚህ ላይ አውቶቡስ ቢበላሽ፣ ነጋዴው “ነገ” ቢል፣ መንገድ ቢዘጋ ብላ ሦስት የመጠባበቂያ ጨመረች፤ ስድስት ሆነ። ኩሽኔታው በጠባብ ሣጥን አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሯል፤ የአንዱ ውፍረት 15 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የስድስቱ ቁመት 9 ሴንቲ ሜትር ነው። መስመሩ እዚያ ላይ ተሰመረ፤ ማንም ሳይቆጥር በሩቁ ያየዋል። እግዞ! ይሄ ሁሉ ስሌት ለአንዲት ኩሽኔታ! እኔ ቁጥር የሚባል ነገር አልወድም። 6205ን ሳየው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን፣ 05ን፣ በ5 አባዛለሁ፤ 25 ይወጣል፤ የሚገባበት ዘንግ 25 ሚሊ ነው፤ የውጭ ስፋቱ 52። በቃ። ሌላ ስሌት ምን ያደርጋል?

“በአንዴ ብዙ ካዘዝን ገንዘቡ ይታሠራል፤ ጥቂት ጥቂት ካዘዝን መመላለሱ ይበላናል፤ መካከሉን ፈልጎ ማግኘት ነው” ትላለች። በፈረንጆቹ 1913 ፎርድ ሃሪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በቀመር ጽፎታል አሉ። እናቴ ጨው ስትገዛ የክረምቱን በአንዴ፣ የበጋውን በየሳምንቱ ትገዛ ነበር። ሃሪስ አንድ ቀን ጎራ ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ ያን ያህል ወረቀት ባላባከነ።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ይሄኛው ነው። አንድ ማታ ከቡናው አጠገብ ደብተር ይዛ ተቀመጠችና “አባባ፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው ወር ነው የሚወጣው?” አለችኝ። እኔ የዋሁ ነገርኳት። ኅዳርና ታኅሣሥ ማሽላ ሲሰበሰብ ጋሪ ነው፤ ዘንግ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ። ጥር እህሉ ገብቶ ወፍጮ ቤት ሌት ተቀን ሲዞር ቺንጋ ነው፤ ደግሞ ሠርግ ስላለ የብረት በርና መስኮት። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ ሲያይል ፓምፕ ነው፤ ኩሽኔታ። ሰኔ ማረሻ። ነሐሴ ምንም፤ ነሐሴ ተቀምጦ ማማት ነው። ነግሬ ሳልጨርስ በሰንጠረዥ ሠርታ “የፍላጎት ትንበያ” ብላ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሃምሳ ዓመት ጭንቅላቴ ውስጥ የኖረውን በአንድ ስኒ ቡና ወሰደችው፣ ለዚያውም በቶናው። እና ሰው ሲገባ ሰንጠረዡን ያደንቃል። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፣ የሚያደንቀኝ የለም።

ትንበያውም ቢሆን ድሮ ቀላል ነበር። ማሽላው በሚያዝያ ይዘራል፣ በታኅሣሥ ይወቃል፤ በመካከሉ የሆርማትንና የጎሊናን ጎርፍ ጠልፈህ ማሳህ ላይ ትለቃለህ። ጎርፍ ኩሽኔታ አይጠይቅም። ዛሬ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ውሃው በፓምፕ ከመሬት ሆድ እየወጣ፣ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል። ማሽላውም ቢሆን በአራት ወር የሚደርስ ተገኝቷል። ሁሉም ይቸኩላል። የቸኮለ ማሽላ የቸኮለ ጋሪ ይፈልጋል፣ የቸኮለ ጋሪ ደግሞ እኔን ያስቸኩላል። ሥራ በዛ እያልኩ ማማረሬ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ሥራ ቀዝቅዞ ያማረርኩት ይበቃኛል።

ካርድም አምጥታለች። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። በየሣጥኑ ላይ ተንጠልጥሎ አንዲት ኩሽኔታ ስትወጣ ይጻፋል። “ይሄማ የመንግሥት ንብረት ክፍል ሆነ” አልኳት። ያን ነገር አውቀዋለሁ። ሞዴል 19 ለገቢ፣ ሞዴል 20 ለመጠየቂያ፣ ሞዴል 22 ለወጪ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ፓምፕ ልጠግን ተጠርቼ፣ ዕቃው ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቆ መደርደሪያ ላይ እያየሁት፣ ሞዴል 22 የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ስለሄደ ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ። የእኔ መዝገብ ጭንቅላቴ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ቺንጋው ከመርካቶ ሳይመጣ፣ አንዱን ቺንጋ ለሦስት ሰው ቃል ገባሁበት። ሦስቱም ባለ ወፍጮዎች በአንድ ቀን መጡ። መጀመሪያ ተጯጯሁ፣ ከዚያ ተዋወቁ፣ ዛሬ አበልጆች ናቸው። እስቲ የትኛው ካርድ ነው እንዲህ ያለ ወዳጅነት ያመጣ?

ፍጥነቱስ! ዛሬ ዕቃ ሲፈለግ ፎቶ ይነሣና በቴሌግራም ሶማሌ ተራ ይደርሳል። ነጋዴው ዋጋውን ይጽፋል፣ ገንዘቡ በቴሌብር ይሄዳል። ድምፅ የሌለው፣ ሽታ የሌለው፣ ቆጥረህ በመሐረብ የማትቋጥረው ገንዘብ! ድሮ እኔ ራሴ መርካቶ ወርጄ፣ ኩሽኔታውን በጣቴ አዙሬ፣ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ አዳምጬ፣ ተከራክሬ፣ ተጣልቼ፣ ወጥቼ፣ ተጠርቼ፣ ተመልሼ ነበር የምገዛው። አሁን ያለው ሩጫ ነው። ባለፈው አንድ ዕቃ ሦስት ሳምንት መጠበቁ ቀርቶ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል ተባለ፤ አራተኛው ቀን ሆነ፣ የለም። እኔማ ቀኑን ሙሉ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ሹፌሩን ስረግም ዋልኩ። ምን ዓይነት መዘግየት ነው?

ካይዘንም ቤቴ ገብቷል። ከጃፓን ተምረን በ2004 ኢንስቲትዩት አቋቁመንለታል። አምስት “ማ”ዎች አሉት፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ልጅቷ በላሜራ ላይ ጽፋ ከመበየጃው በላይ ሰቀለችው። ሌሊት በኖራ ስድስተኛ ጨመርኩበት፤ ማማረር። ያለሱ አምስቱም አይሠሩም፤ እኔ ባላማርር ማን ያጸዳ ነበር?

የጃፓን ነገር ከተነሣ ልንገራችሁ። ቶዮታ ቤት ታይቺ ኦኖ የሚባል ሰው ነበረ አሉ፤ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ከመደርደሪያ የተነሣውን ያህል ብቻ እንደሚተካ ሰምቶ፣ ፋብሪካውን እንዲሁ አደረገው። ዕቃ አይከማችም፤ በሚፈለግበት ሰዓት፣ የሚፈለገው ያህል ብቻ ይደርሳል። ልጅቷ ይህን ስታወራ ዓይኗ ያበራል። እኔም “ደግ ነው” አልኩ፤ “የኦኖ ዕቃ አቅራቢ መንገዱ ማዶ ነው፤ የእኔ ግን ጅቡቲን፣ መርካቶን፣ ደሴንና ወልድያን አቋርጦ ነው የሚመጣ።” በመጋቢት 2013 ኤቨር ጊቭን የምትባል አንዲት መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ ተጋድማ 6 ቀን የዓለምን ዕቃ አቁማለች። እኛ ጋማ ለመቆም መርከብም አያስፈልግ፤ አንድ ሲኖ ትራክ ይበቃናል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ደረሰ፤ መንገዱ ለወራት ተዘጋ። አንድ ኩሽኔታ ከመርካቶ ቆቦ ስንት ቀን ይፈጃል ብሎ ያኔ የጠየቀ ቢኖር መልሱ “እግዜር ያውቃል” ነበር። ከሱቄ መበየጃው ሄደ፣ ላሜራው ሄደ። የኒዶ ጣሶቹን ግን ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ሰላም ወርዶ ሰው ወደ ማሳው ሲመለስ የመጀመሪያዎቹን ፓምፖች ያስነሣነው በእነዚያ ጣሶች ነው። ይህን ስነግራት ልጅቷ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ስልኳን ጎርጉራ፣ ቶዮታም ራሱ በ2003ቱ የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲጎዳ ችፕ አቅራቢዎቹን የሁለት ወር፣ የአንዳንዱንም የስድስት ወር መጠባበቂያ አስቀምጡ እንዳለ አነበበችልኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው አይደል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባልማ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሄድ፣ የእኔ ያረጀ ኩሽኔታ ሁሉ ተኝቶ ከበረ። “ብረት ሆኖ ዛገ ያልሽው ብር ይኸው ወለደ” አልኳት። “የኤንትሬውስ ከበሮ?” አለችኝ። እኔ ስለ ኩሽኔታ ነው የማወራ።

ጋሪ ስንሠራም ሰላም የለኝም። ድሮ ጋሪ የሚሠራው ካለው ነበር። ዛሬ ብረቱ ሳይቆረጥ ዝርዝር ይጻፋል፤ ዘንግ 1፣ ጎማ ከነቸርኬው 2፣ ኩሽኔታ 4፣ ባሌስትራ 2፣ ቡሎን ከነዳዶው 24። አንዱ ከጎደለ ሥራው አይጀመርም፤ ግማሽ ጋሪ ግቢ ሞልቶ ገንዘብ እንዳያሥር ነው አሉ። እኔ በጉብዝናዬ አንድ ጋሪ ሠርቼ ነበር፤ የግራ ጎማው ከላንድሮቨር፣ የቀኙ ከፊያት። ትንሽ ወደ ቀኝ ይጎትታል። ገበያው በቀኝ በኩል ስለነበር ፈረሱ መንገድ ማሳየት አላስፈለገውም፤ ጋሪው ራሱ ያውቀዋል። ሲመለስ ብቻ ነበር ችግሩ።

አሁን የየካቲቱን ነገር ልንገራችሁና ልሰናበት። አንድ ሽንኩርት አልሚ ከሮቢት በኩል በባጃጅ እየበረረ መጣ። የተቃጠለች ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። “አያ፣ ፓምፑ ቆመ፤ በዚህ ፀሐይ ሽንኩርቱ ከነገ ወዲያ አያድርም” አለኝ። “አብሽር፣ አለኝ!” አልኩና ተነሣሁ። ልጅቷ አሥራ ሰባቱን ጣሶቼን ለትዝታ ብላ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ደርድራልኛለች። አወረድኩና መነቅነቅ ጀመርኩ። አንደኛው ቅጭል፣ ሁለተኛው ጓ ጓ፣ ሦስተኛው ምንም። ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም፤ ወይም ጣሶቹ ናቸው ማጉተምተም የጀመሩት። አሥረኛው ላይ ስደርስ “አገኘሁት!” ብዬ ዞር ስል ሰውየው የለም። ልጅቷ ከሣጥኑ አንዲቱን መዝዛ፣ ካርዱ ላይ ጽፋ፣ ብሯን ተቀብላ ሸኝታው ባጃጁ ከከተማ ወጥቷል። በአሥረኛው ጣሳ ያገኘሁትም የባለቤቴ የጠፋ የልብስ ቁልፍ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ያን ሽንኩርት ያዳነው ማን ነው? ቀድሞ ማኖር ነው። ማኖርን ያስተማራት ማን ነው? ይህን ነግሬያት “ልክ ነዎት አባባ” አለችኝ። ልክ ነህ የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ በምን ያማርር?

ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ወደ ሱቁ ገባሁ። የ6205ቱን ሣጥን አየሁት፤ ስድስት ቀርቷል፣ ልክ መስመሩ ላይ። ቆሜ አሰብኩ። የካቲት ነው። መጋቢት አለ፣ ሚያዝያ አለ፤ ሙቀቱ ገና ነው፤ ፓምፖቹ ሲሰበሩ እንደ ሰርገኛ ተያይዘው ነው የሚመጡት፤ ናፍታ ሲጠፋ አውቶቡሱም ይቀራል። በዚህ ወር ስድስት አይበቃም። ይህን ሰንጠረዥ አልነገረኝም። በቀለሙ ተስማማሁ ማለትም አይደለም፤ ቀለም ይለቃል። ከጣሳ ምስማር አወጣሁና ከቀዩ መስመር ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ፣ ጭቃ ላይ እንደሚጫረው፣ አንድ መስመር ጫርኩ።

ጠዋት ልጅቷ ሣጥኑን አየችው። ጎንበስ ብላ ጭረቱን በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

“አባባ፣ ይሄን ማን ጫረው?”

“አይጥ ይሆናል” አልኳት።

ምንም አላለችም፤ ስልኳን አንሥታ ከወትሮው ሁለት ጨምራ አዘዘች። የዛሬ ዘመን አይጥ ደግሞ ምን የማያደርገው ነገር አለ?